የዕፅዋት ፍላቮኖይዶች በበሽታ መከላከያ ሴሎች ላይ ያላቸው ፀረ-ብግነት ውጤት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

“ቀይ ሽንኩርት ብግነት (ኢንፍላሜሽን) ያጠፋል”፣ “አረንጓዴ ሻይ የመከላከል አቅም ያሳድጋል” የሚሉ ጽሑፎች በየማኅበራዊ ሚዲያው ሞልተዋል። የብዙዎቹ መነሻ ፍላቮኖይድ በሚባሉ የዕፅዋት ውህዶች ላይ የተሠራ እውነተኛ ጥናት ነው። ችግሩ ጥናቱ በምን ያህል መጠን፣ በየትኛው የውህዱ መልክ፣ በምን ዓይነት ሴል ላይ እንደተሠራ ተትቶ መደምደሚያው ብቻ መወሰዱ ነው። የመጀመሪያዎቹ ጥያቄዎች ለማንኛውም አንባቢ ናቸው፤ የመጨረሻዎቹ አራቱ ላቦራቶሪ ለሚገቡ ተማሪዎች ይበልጥ ይጠቅማሉ።

ፍላቮኖይድ ምንድን ነው?

ዕፅዋት ከፀሐይ ጨረር ለመከላከል፣ አበባና ፍሬያቸውን ለማቅለም፣ ተባይና ሻጋታ ለመቋቋም የሚሠሯቸው ውህዶች ናቸው። እስካሁን ከ6,000 በላይ ተለይተዋል። የሁሉም አጽም 15 ካርቦን ነው፦ ኤ እና ቢ የሚባሉ ሁለት ቀለበቶች በሦስት ካርቦኖች ይያያዛሉ፤ እነዚያ ሦስቱ ካርቦኖች በአብዛኞቹ ላይ ሲ የተባለውን መካከለኛ ቀለበት ይሠራሉ።

በብግነት ጥናት ደጋግመው የሚነሱት ጥቂቶች ናቸው፦ ኩዌርሴቲን (ቀይ ሽንኩርት፣ ፖም)፣ ሉቴዮሊንና አፒጄኒን (ፓርስሊ፣ ሴለሪ፣ ካሞሚል)፣ ሄስፔሬቲን (ብርቱካን)፣ ኢጂሲጂ (አረንጓዴ ሻይ)፣ ጄኒስቴን (አኩሪ አተር)።

ሃንጋሪያዊው አልበርት ሴንት-ጆርጂ እና ባልደረቦቹ በ1936 እ.ኤ.አ. እነዚህን ውህዶች “ቫይታሚን ፒ” ብለው ጠርተዋቸው ነበር። ይሁን እንጂ እጥረታቸው የሚያመጣው ተለይቶ የሚታወቅ በሽታ ስላልተገኘ ስሙ በ1950 ቀረ። ዛሬም “ፍላቮኖይድ አጥሮኝ ነው” የሚባል የሕክምና ምርመራ የለም።

እርድ፣ ዝንጅብል፣ ጥቁር አዝሙድና ቡና ፍላቮኖይድ ናቸው?

ስማቸው የሚነሳበት ውህድ ፍላቮኖይድ አይደለም። የእርድ ኩርኩሚን፣ የዝንጅብል ጂንጀሮል፣ የጥቁር አዝሙድ ታይሞኪኖን፣ የሚጥሚጣና የበርበሬ ካፕሳይሲን፣ የቡና ክሎሮጀኒክ አሲድ ሁሉም ሌላ ቤተሰብ ናቸው። በርበሬው ውስጥ ከካፕሳይሲን ሌላ የኩዌርሴቲንና የሉቴዮሊን ስኳራማ ውህዶች አሉ፤ በርበሬን በርበሬ የሚያሰኘው ማቃጠል ግን ከእነሱ አይመጣም። ልዩነቱ የስም ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ አንጀት የሚቀበልበትም ጉበት የሚያስወግድበትም መንገድ ይለያያል፤ ስለዚህ የአንዱን ጥናት ለሌላው ማውረስ አይቻልም።

ማክሮፌጅ ውስጥ በትክክል ምን ያደርጋሉ?

ማክሮፌጅ በየአካል ክፍሉ ተሰማርቶ ባዕድ ነገር የሚቃኝ ሴል ነው። የባክቴሪያ ቅርፊት አካል የሆነው ኤልፒኤስ ሲነካው በላዩ ያለው ቲኤልአር-4 የተባለ ተቀባይ ይነቃል፤ መልእክቱም ወደ ውስጥ አልፎ አይኬኬ የተባለውን ኢንዛይም ያነሣሣል። የብግነት ጂኖችን የሚያዘው ኤንኤፍ-ካፓ-ቢ በሰላሙ ጊዜ ከኒውክሊየስ ውጭ፣ አይ-ካፓ-ቢ በሚባል ፕሮቲን እንደ ልጓም ተይዞ ይቆያል። አይኬኬ ልጓሙ ላይ ፎስፌት ሲለጥፍ ልጓሙ ከ15 እስከ 30 ደቂቃ ባለ ጊዜ ውስጥ ይፈርሳል፤ ኤንኤፍ-ካፓ-ቢ ኒውክሊየስ ገብቶ ብግነት የሚያቀጣጥሉትን መልእክተኛ ፕሮቲኖች ቲኤንኤፍ-አልፋ፣ ኢንተርሊውኪን-6፣ ኢንተርሊውኪን-1 ቤታ እና የህመም ቅመሞችን የሚያመርተውን ኮክስ-2 ያስመርታል።

ሉቴዮሊን፣ አፒጄኒንና ኩዌርሴቲን ይህን ሰንሰለት ከአንድ በላይ ቦታ ላይ ያዳክማሉ። የአይኬኬን ሥራ ይቀንሳሉ፤ ጎን ለጎን የሚሄዱትን የማፕ-ካይኔዝ መልእክቶች ያለዝባሉ፤ ፒአይ3-ካይኔዝ የተባለውንም ኢንዛይም በመጠኑ ያግዳሉ። ይህ የመጨረሻው በደንብ የተመሠረተ ነገር ነው፦ ኤልዋይ294002 የሚባለው በየላቦራቶሪው የታወቀ የፒአይ3-ካይኔዝ አጋጅ የተነደፈው ኩዌርሴቲንን መነሻ አድርጎ ነው።

ሁለተኛው መንገድ ኤንአርኤፍ-2 ነው። ቢ ቀለበታቸው ላይ ሁለት ጎን ለጎን የተቀመጡ ሃይድሮክሲሎች (ካቴኮል) ያሏቸው ፍላቮኖይዶች ሴል ውስጥ ትንሽ ኦክሳይድ ሲሆኑ ኪፕ-1 የተባለውን ፕሮቲን ይነካሉ፤ ኤንአርኤፍ-2 ይለቀቅና ሂም ኦክሲጅኔዝ-1ን የመሰሉ መከላከያ ኢንዛይሞችን ያስመርታል። በሌላ አባባል ከጥቅሙ የተወሰነው የሚመጣው ሴሉን በጥቂቱ “በማስደንገጥ” ነው። መጠኑ ሲበዛ ያው ድንጋጤ ጉዳት ይሆናል።

ከዚህ ሁሉ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር፦ ፍላቮኖይድ የማክሮፌጁን ምላሽ ያለዝባል እንጂ አይዘጋም። ብርቱው ፀረ-ብግነት መድኃኒት ዴክሳሜታሶን በናኖሞላር መጠን የሚሠራውን ኩዌርሴቲን በሺህ እጥፍ በሚበልጠው በማይክሮሞላር መጠን፣ ያውም በከፊል ነው የሚሠራው።

ታዲያ የሚሠሩት “አንቲኦክሲዳንት” ስለሆኑ አይደለም?

በማስታወቂያ ላይ እንዲያ ይባላል፤ ሂሳቡ ግን አይገጥምም። ደም ውስጥ ቫይታሚን ሲ 50 ማይክሮሞላር አካባቢ፣ ዩሪክ አሲድ ደግሞ 300 ማይክሮሞላር አካባቢ አለ። ከምግብ የመጣ ኩዌርሴቲን ብዙውን ጊዜ ከ1 ማይክሮሞላር በታች ነው። በእንዲህ ያለ መጠን ነፃ ራዲካሎችን ለብቻው ተሻምቶ ሊያጠፋ አይችልም። የሚታየው ውጤት ቢኖር ከላይ በተገለጸው የመልእክት መስመር በኩል ነው። የሙከራ ቱቦ ውስጥ የተለካ “የአንቲኦክሲዳንት አቅም” ቁጥር ማሸጊያ ላይ ሲያዩ ብዙም አይደነቁበት።

ከማክሮፌጅ ሌላ የትኞቹን ሴሎች ይነካሉ?

ማስት ሴል ላይ ያለው ማስረጃ ከሁሉም የቆየ ነው። ማስት ሴልና ቤዞፊል አለርጂ ሲቀሰቀስ ሂስታሚን ይለቃሉ፤ ኩዌርሴቲንና ሉቴዮሊን ይህን መለቀቅ እንደሚቀንሱ ከ1980ዎቹ ጀምሮ ተደጋግሞ ታይቷል። ለአስምና ለዓይን አለርጂ የሚታዘዘው ክሮሞግላይኬትም የፍላቮኖይዶች የሩቅ ዘመድ ነው። መነሻው ኬሊን የተባለ፣ አሚ ቪስናጋ ከሚባል የግብፅ ተክል የሚገኝ ውህድ ሲሆን፣ ሮጀር አልቱንያን በ1960ዎቹ በራሱ አስም ላይ እየሞከረ ነው መድኃኒቱን ያገኘው። ኬሊን ራሱ ፍላቮኖይድ አይደለም፤ መካከለኛ ቀለበቱ ግን ከፍላቮኖች (ሉቴዮሊንና አፒጄኒን ካሉበት ንዑስ ቤተሰብ) ጋር አንድ ነው።

ባክቴሪያ የሚገድለው ነጭ የደም ሴል፣ ኒውትሮፊል፣ ላይ ሦስት ነገሮች ይለካሉ፦ በኤንኤዲፒኤች ኦክሲዴዝ የሚፈጠረው የኦክስጅን ፍንዳታ፣ ሴሉ የሚለቀው ማይሎፔሮክሲዴዝ የተባለ ኢንዛይም፣ እና 5-ሊፖክሲጅኔዝ የሚሠራቸው ሊዩኮትራይኖች። ኩዌርሴቲን ሦስቱንም በላቦራቶሪ ይቀንሳል። ነጭ የደም ሴሎች ከደም ሥር ግድግዳ ጋር መጣበቃቸው መቀነሱ ደግሞ በሥራ ላይ ላለ መድኃኒት መሠረት ሆኗል፦ 450 ሚ.ግ. ዲዮስሚንና 50 ሚ.ግ. ሄስፔሪዲን የያዘው ባለ 500 ሚ.ግ. ክኒን ለእግር ደም ሥር መድከምና ለኪንታሮት በብዙ አገሮች ይታዘዛል።

የተለየ ጠላትን በሚያጠቃው ቲ-ሴልና ጠላቱን ለቲ-ሴል በሚያሳየው ዴንድሪቲክ ሴል ላይ ውጤቱ በዋናነት መባዛትንና መብሰልን መቀነስ ነው። “የመከላከል አቅም ያሳድጋል” ከሚለው አባባል ጋር ይህ እንዴት እንደሚታረቅ ሻጮቹን መጠየቅ ተገቢ ነው።

ሁሉም ፍላቮኖይድ እኩል ይሠራል?

አይሠራም። በሴል ላይ ብርቱ የሆኑት የጋራ መልክ አላቸው፦ ሲ ቀለበት ላይ በካርቦን 2 እና 3 መካከል ድርብ ትስስር፣ ካርቦን 4 ላይ ኦክስጅን፣ ቢ ቀለበት ላይ ካቴኮል። ድርብ ትስስሩ ሞለኪውሉን ዝርግ ያደርገዋል፤ ዝርግ ሞለኪውል የኢንዛይም ስንጥቅ ውስጥ በቀላሉ ይገባል። ናሪንጄኒን ይህ ድርብ ትስስር ስለሌለው ከአፒጄኒን ደከም ይላል፤ የቀረው አካላቸው አንድ ዓይነት ነው።

ስኳር ሲጣበቅበትም ሴል ውስጥ መግባት ይከብደዋል። ሩቲን ማለት ሁለት ስኳር የተሸከመ ኩዌርሴቲን ነው፤ በላቦራቶሪ ሳህን ላይ ከኩዌርሴቲን በጣም ያነሰ የሚሠራውም ለዚህ ነው።

የበላሁት ፍላቮኖይድ እውነት ደሜ ውስጥ ይገባል?

ይገባል፣ ግን ጥቂቱ ብቻ፣ ያውም መልኩን ቀይሮ።

የቀይ ሽንኩርት ኩዌርሴቲን ከግሉኮስ ጋር የተጣበቀ ነው። ትንሹ አንጀት ግድግዳ ላይ ያለው ላክቴዝ ፍሎሪዚን ሃይድሮሌዝ ግሉኮሱን ይቆርጥለታል፤ ኩዌርሴቲኑ ወደ ውስጥ ይገባና በአንድ ሰዓት ገደማ ደም ውስጥ ከፍተኛው መጠን ላይ ይደርሳል። ሩቲን ግን እዚያ የሚቆርጠው ስለሌለ እስከ ትልቁ አንጀት ወርዶ ባክቴሪያ እስኪፈታው ይጠብቃል፤ ከፍተኛው መጠን የሚታየው ከ6 ሰዓት በኋላ ነው። በ1995 ኔዘርላንድስ ውስጥ ትልቁ አንጀታቸው በቀዶ ጥገና በተወገደላቸው በጎ ፈቃደኞች ላይ በተሠራ ጥናት ከሽንኩርት 52%፣ ከሩቲን 17%፣ ከንጹሕ ኩዌርሴቲን 24% ተመጥጧል። “ንጹሕ ካፕሱል ከምግብ ይሻላል” ለሚል ሰው ይህ ጥሩ መልስ ነው።

ከተመጠጠ በኋላ የአንጀት ግድግዳና ጉበት ወዲያው ግሉኩሮኒክ አሲድ ወይም ሰልፌት ይለጥፉበታል። ስለዚህ ደም ውስጥ የሚዞረው ኩዌርሴቲን ሳይሆን ኩዌርሴቲን-3-ግሉኩሮናይድና ዘመዶቹ ናቸው። እነዚህ ሴል ላይ ከንጹሑ በእጅጉ ደካማ ናቸው። አንድ ተስፋ ሰጪ ነገር አለ፦ የተነቃ ማክሮፌጅ ቤታ-ግሉኩሮኒዴዝ የተባለ ኢንዛይም ስላለው ግሉኩሮናይዱን ቆርጦ ንጹሑን ኩዌርሴቲን እዚያው ብግነቱ ባለበት ቦታ መልሶ ሊያወጣው ይችላል። ጃፓናውያን ተመራማሪዎች በ2008 ኩዌርሴቲን-3-ግሉኩሮናይድን በሰው የደም ሥር ቁስል ውስጥ ባሉ ማክሮፌጆች አግኝተውታል።

ሳይመጠጥ የቀረውን ብዙውን ክፍል የትልቁ አንጀት ባክቴሪያ ወደ ትናንሽ ፌኖሊክ አሲዶች ይሰባብረዋል። የባክቴሪያው ዓይነት ከሰው ሰው ስለሚለያይ አንድ ዓይነት ምግብ የበሉ ሁለት ሰዎች ደም የተለያየ ነው። የአኩሪ አተሩን ዳይድዜን ወደ ኢኩኦል የሚቀይር ባክቴሪያ ያላቸው ለምሳሌ ሁሉም ሰዎች አይደሉም።

ሰው ላይ የተሠሩ ጥናቶች ምን አሳዩ?

የሚጠበቀውን ያህል አይደለም፤ ባዶም አይደለም።

ሳርኮይዶሲስ በሚባል የሳንባ ብግነት በታመሙና መድኃኒት ባልጀመሩ ሰዎች ላይ ኔዘርላንድስ ውስጥ ተሠርቶ በ2011 በወጣ ጥናት፣ 12 ሰዎች በ24 ሰዓት ውስጥ 500 ሚ.ግ. ኩዌርሴቲን አራት ጊዜ፣ 6 ሰዎች ደግሞ ባዶ ክኒን ወሰዱ። ኩዌርሴቲን የወሰዱት ላይ ቲኤንኤፍ-አልፋ ብግነት ከሚያበርደው ከኢንተርሊውኪን-10 ጋር ያለው ጥምርታ ቀነሰ፤ ቅነሳው የታየው በተለይ ብግነታቸው ከፍ ብሎ በጀመሩት ላይ ነው።

በሌላ በኩል አሜሪካ ውስጥ 1,002 ሰዎች ለ12 ሳምንት በቀን 500 ወይም 1,000 ሚ.ግ. ኩዌርሴቲን ወይም ባዶ ክኒን ወስደው ነበር። ጉንፋንና መሰል የመተንፈሻ ሕመም ላይ በአጠቃላይ ልዩነት አልታየም። በ2022 የታተመው የኮስሞስ ጥናት ደግሞ 21,442 ሰዎችን ይዞ በቀን 500 ሚ.ግ. የካካዎ ፍላቫኖል ሰጠ፤ ዋናው መለኪያ የነበረው ጠቅላላ የልብና የደም ሥር ክስተት አስተማማኝ በሆነ ደረጃ አልቀነሰም፣ በልብና በደም ሥር በሽታ የሚደርስ ሞት ግን ቀንሷል።

የኛ ንባብ እንዲህ ነው፦ ጤነኛ ሰው ላይ የሚቀንስ ብግነት ስለሌለ ውጤት መጠበቅም አይገባም። ሊታይ የሚችለው ብግነቱ ከፍ ባለ ሰው ላይ ነው፤ እዚያ ያሉት ጥናቶች ግን ትንንሾች ናቸው።

ወጥ ሲሠራ ፍላቮኖይዱ አይጠፋም?

ኩዌርሴቲን ከሙቀቱ ይልቅ በውኃው ነው የሚጠፋው። ሽንኩርት ተቀቅሎ ውኃው ሲደፋ ስኳራማው ኩዌርሴቲን አብሮ ይደፋል። ቁሌት ላይ ግን የሚደፋ ነገር ስለሌለ የወጣው መረቁ ውስጥ ይቀራል፤ ያረረው ክፍል ብቻ ነው የሚጎዳው። የምግቡ ቅባትም ኩዌርሴቲን እንዲመጠጥ ይረዳል።

ትልቁ ብክነት አላላጡ ላይ ነው። ከሚበላው ክፍል ኩዌርሴቲን በብዛት ያለው ከደረቁ ልጣጭ ቀጥለው ባሉት በውጫዊዎቹ ሥጋማ ንጣፎች ላይ ነው፤ ወደ መሃል ሲገባ እየቀነሰ ይሄዳል። “አንድ ልጥ ልጨምር” ብሎ ሁለተኛውን ንጣፍ መጣል ከረጅም ማቁላላት የበለጠ ያስወጣል። ቀይ ሽንኩርት በ100 ግራም ከ20 እስከ 50 ሚ.ግ. ገደማ ይይዛል፤ በቁጥር ለማስቀመጥ፣ ለአንድ ሰው 150 ግራም ሽንኩርት የገባበት ወጥ 30–75 ሚ.ግ. ማለት ነው። ቅርፊቱ ነጭ የሆነው የሽንኩርት ዘር ኩዌርሴቲን ከሞላ ጎደል የለውም።

ጤፍ፣ ማሽላ፣ ሽፈራውና ጤና አዳምስ?

ጤፍ፣ በተለይ ቀዩ፣ የሉቴዮሊንና የአፒጄኒን ስኳራማ ውህዶች አሉት። ቀይ ማሽላ ደግሞ በሌሎች እህሎች እምብዛም የማይገኙ 3-ዲኦክሲአንቶሲያኒዲኖች ይዟል፤ በገለባው ንጣፍ ላይ ስለሚከማቹ ተፈትጎ ሲነጣ አብረው ይሄዳሉ። በጋሞ ሃለኮ የሚባለው የደቡቡ ሽፈራው፣ ሞሪንጋ ስቴኖፔታላ፣ ዋና ፍላቮኖይዱ ሩቲን ነው፤ ከላይ እንደተባለው ሩቲን የሚመጠጠው ዘግይቶና በጥቂቱ ነው። ቅጠሉ ተቀቅሎ ውኃው ከተደፋ ደግሞ የባሰ ይቀንሳል።

ጤና አዳምም ሩቲን አለው፤ ነገር ግን ቆዳን ለፀሐይ ቃጠሎ የሚያጋልጡ ፉራኖኩማሪኖችም አብረውት አሉ። ቡና ውስጥ እንደሚገባው አንድ ቅርንጫፍ ሌላ ነገር ነው፤ ጨምቆ በብዛት መጠጣት፣ በተለይ ለነፍሰ ጡር፣ አይመከርም።

ሻይ ከምግብ ጋር መጠጣት ችግር አለው?

ለብረት አለው። የሻይና የቡና ፖሊፌኖሎች ከእህልና ከጥራጥሬ የሚመጣውን ብረት አንጀት ውስጥ ይይዙታል። ደም ማነስ ላለበት ሰው፣ ለነፍሰ ጡርና ለልጆች ሻዩን ከምግብ ቢያንስ አንድ ሰዓት አርቆ መጠጣት ይሻላል።

ካፕሱል ልውሰድ? ስንት?

በጥናቶች የተሞከረው የኩዌርሴቲን መጠን ብዙውን ጊዜ በቀን 500–1,000 ሚ.ግ. እስከ 12 ሳምንት ነው። ከዚያ በላይ ለረጅም ጊዜ መውሰድ ጉዳት እንደሌለው የሚያረጋግጥ መረጃ የለም። ለሪህ፣ ለመገጣጠሚያ ብግነት ወይም ለአስም የታዘዘን መድኃኒት በካፕሱል መተካት ግን ምንም መሠረት የለውም።

የአረንጓዴ ሻይ ጭማቂ (ኤክስትራክት) ካፕሱል የተለየ ጥንቃቄ ይፈልጋል። የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን በ2018 እንዳስታወቀው በቀን 800 ሚ.ግ. እና ከዚያ በላይ ኢጂሲጂ በማሟያ መልክ መውሰድ የጉበት ኢንዛይሞች ከመጨመር ጋር ተያይዟል። በባዶ ሆድ ሲወሰድ ደም ውስጥ የሚገባው መጠን ስለሚጨምር አደጋውም ይጨምራል። የሽንት መጥቆር፣ የዓይን ቢጫ መሆን፣ ከቀኝ ጎድን በታች ህመም ከታየ ካፕሱሉን አቁሞ ወዲያው ሐኪም ዘንድ መሄድ ነው። በሻይ መልክ አፍልቶ መጠጣት በአብዛኛው እንዲህ ያለ ችግር አላሳየም።

ዋርፋሪን (የደም መርጋት መከላከያ)፣ ሳይክሎስፖሪን ወይም ታክሮሊመስ (የንቅለ ተከላ መድኃኒቶች) የሚወስድ ሰው፣ ኬሞቴራፒ ላይ ያለ፣ ነፍሰ ጡር ወይም የምታጠባ እናት ሐኪምና ፋርማሲስት ሳያማክሩ ማሟያውን መጀመር የለባቸውም። ፍላቮኖይዶች በከፍተኛ መጠን መድኃኒት የሚሰባብሩትን የጉበት ኢንዛይሞችና መድኃኒት የሚያስወጡትን ፓምፖች ሊነኩ ይችላሉ። በወጥና በሻይ መጠን ይህ አሳሳቢ አይደለም።

ላቦራቶሪ፦ ኩዌርሴቲንን ለሴል ሙከራ እንዴት ላዘጋጅ?

መጀመሪያ ጠርሙሱ ላይ ያለውን ያንብቡ። ውኃ አልባው ኩዌርሴቲን ሞለኪውላዊ ክብደቱ 302.24 ነው፤ ዳይሃይድሬቱ 338.27። ለ10 ሚሊሞላር ከመጀመሪያው 3.02 ሚ.ግ.፣ ከሁለተኛው 3.38 ሚ.ግ. በ1 ሚሊ ሊትር ዲኤምኤስኦ ይሟሟል። ይህን ማምታታት ገና ከጅምሩ 11% ያህል ስህተት ያስገባል። በትንንሽ ቱቦ ከፋፍሎ፣ ከብርሃን ጋርዶ በ-20 ዲግሪ ማስቀመጥ ነው፤ የቀለጠውን መልሶ ማቀዝቀዝ አይገባም። ወደ ሴሉ ሲገባ 1 ለ 1,000 ቢቀጠን 10 ማይክሮሞላር ኩዌርሴቲንና 0.1% ዲኤምኤስኦ ይሆናል። ኩዌርሴቲን ያልገባባቸውም ጉድጓዶች ያንኑ 0.1% ዲኤምኤስኦ ማግኘት አለባቸው።

የተለመደው አካሄድ፦ ሮው 264.7 የተባለ የአይጥ ማክሮፌጅ በ96 ጉድጓድ ሳህን፣ በጉድጓድ 50,000 ሴል ማሳደር፤ ፍላቮኖይዱን 1 ሰዓት ማስቀደም፤ ከዚያ ኤልፒኤስ 100 ናኖግራም በሚሊ ሊትር መጨመር። አይ-ካፓ-ቢን ለማየት ከ15–30 ደቂቃ፣ ቲኤንኤፍ-አልፋን በኤላይዛ ለመለካት ከ4–6 ሰዓት፣ ናይትራይትን (የናይትሪክ ኦክሳይድን ቅሪት) ግሪስ በሚባለው የቀለም ሙከራ ለመለካት 24 ሰዓት። አይ-ካፓ-ቢ ፈርሶ በአንድ ሰዓት ገደማ ተመልሶ ስለሚሠራ፣ በ60ኛው ደቂቃ ብቻ ለክቶ “ፍላቮኖይዱ ልጓሙን አዳነው” ማለት አይቻልም።

መጠኖቹ 0.3፣ 1፣ 3፣ 10፣ 30 ማይክሮሞላር ቢሆኑ ጥሩ ነው። በ50 ማይክሮሞላር ብቻ የታየ ውጤት በምግብ ሊደረስበት ከሚችለው ከ50 እጥፍ በላይ ነው፤ ጽሑፉ ላይ ይህን በግልጽ መጻፍ ግዴታ ሊሆን ይገባል። የሰው ማክሮፌጅ ናይትሪክ ኦክሳይድ የሚያመርተው እጅግ በጥቂቱ ስለሆነ የግሪስ ውጤት ብቻውን ለሰው ብዙ አይናገርም። ቢቻል ከሰው ደም በተለዩ ነጭ ሴሎች ላይ ቲኤንኤፍ-አልፋን ይጨምሩበት።

ላቦራቶሪ፦ ውጤቱ የሚያሳስተው መቼ ነው?

ፍላቮኖይድ ከብዙ መለኪያዎች ጋር ይጋጫል፤ የሚያምር ግራፍ ሲወጣ ከመደሰት በፊት እነዚህን መፈተሽ ያስፈልጋል።

ኩዌርሴቲንና ኢጂሲጂ በ37 ዲግሪ በማሳደጊያ ፈሳሹ ውስጥ ራሳቸው ኦክሳይድ እየሆኑ ሃይድሮጅን ፔሮክሳይድ ይፈጥራሉ። ሴሉ የሞተው ወይም የተቀየረው በፍላቮኖይዱ ሳይሆን በፔሮክሳይዱ ሊሆን ይችላል። ፔሮክሳይድን የሚሰባብረው ኢንዛይም ካታሌዝ የተጨመረበት አንድ ረድፍ ጉድጓድ ይህን ይለየዋል፦ ካታሌዝ ሲገባ ውጤቱ ከጠፋ፣ የፔሮክሳይድ ውጤት ነበር።

ኤምቲቲ የሴል ሕይወት መለኪያ ላይ ፍላቮኖይዱ ያለ ሴል እገዛ ቀለሙን ይቀይራል። የሞተ ሴል ሕያው ይመስላል፤ “መርዛማ አይደለም” የሚል መደምደሚያም ይወጣል። ሴል የሌለበት ጉድጓድ ውስጥ ፍላቮኖይድና ኤምቲቲ ብቻ አድርጎ ማየት፣ ኤምቲቲ ከመጨመሩ በፊትም ፈሳሹን መቀየር። ወደ ኤቲፒ መለኪያ መሸሽም ሁሌ አያድንም፤ ብርሃን የሚሰጠውን ሉሲፈሬዝ ራሱን አንዳንድ ፍላቮኖይዶች ያግዱታል። የኤንኤፍ-ካፓ-ቢ ሉሲፈሬዝ ሙከራም በዚሁ ምክንያት የውሸት “አጋጅ” ያሳያል። የኤልዲኤች መለቀቅ ወይም በትራይፓን ብሉ መቁጠር አብሮ ቢሠራ ይመረጣል።

ከተክል የወጣ ድፍድፍ ጭማቂ ከሆነ ደግሞ ኤልፒኤስ ራሱ አብሮት ሊመጣ ይችላል። ቅጠል ላይ ባክቴሪያ አለ፤ በጥላ ሲደርቅም ይጨምራል። ጭማቂው ብቻውን ቲኤንኤፍ-አልፋ ከፍ ካደረገ፣ ኤልፒኤስን የሚያስረውን ፖሊሚክሲን ቢ ጨምሮ መድገም ነው። ኤልፒኤሱ ኤልኤኤል በሚባለው ሙከራ የሚለካ ከሆነ የተክልና የሻጋታ ቤታ-ግሉካን የውሸት አዎንታዊ ስለሚሰጥ ቤታ-ግሉካን የሚያግድ ቡፈር ያስፈልጋል።

ላቦራቶሪ፦ በአልሙኒየም ክሎራይድ የለካሁት “ጠቅላላ ፍላቮኖይድ” እውነት ጠቅላላ ነው?

አይደለም። በ415 ናኖሜትር የሚነበበው ዘዴ በደንብ የሚያየው ኩዌርሴቲንን የመሰሉ ፍላቮኖሎችንና እንደ ሉቴዮሊን ያሉ ፍላቮኖችን ነው። የብርቱካኑ ሄስፔሪዲንና የሻዩ ካቴኪን ከሞላ ጎደል ያመልጡታል። በ510 የሚነበበው፣ ሶዲየም ናይትራይት የሚጨመርበት ዘዴ ደግሞ ፍላቮኖይድ ያልሆኑ ካቴኮሎችን ጭምር ይቆጥራል። ሁለት ጽሑፎችን ከማወዳደርዎ በፊት የትኛውን እንደተጠቀሙ ይዩ። የትኛው ፍላቮኖይድ እንዳለ ለማወቅ ውህዶችን አንድ በአንድ የሚለየው ኤችፒኤልሲ የግድ ነው።

ላቦራቶሪ፦ አይጥ ላይ 400 ሚ.ግ. በኪሎ ሠራ፤ ለሰው ስንት ነው?

በ80% ሜታኖል ተዘፍዝፎ የወጣ ጭማቂ በ100፣ 200 እና 400 ሚ.ግ. በኪሎ ተሰጥቶ፣ እብጠት የሚያስነሣ 1% ካራጂናን መዳፍ ላይ ተወግቶ እብጠቱ የሚለካበት አካሄድ በአገራችን የፋርማኮሎጂ መመረቂያ ጽሑፎች የተለመደ ነው። ከትንሿ ነጭ አይጥ (ማውስ) ወደ ሰው ሲቀየር በ12.3 ይካፈላል፦ 400 ሲካፈል 12.3 ወደ 32.5 ሚ.ግ. በኪሎ ይመጣል፤ 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 2 ግራም ገደማ ደረቅ ጭማቂ ነው። ይህ የቅጠሉ ሳይሆን የጭማቂው ክብደት ነው። ከ100 ግራም ደረቅ ቅጠል 15 ግራም ጭማቂ ከወጣ፣ 2 ግራሙ ለማግኘት 13 ግራም ያህል ደረቅ ቅጠል ያስፈልጋል።

ካራጂናን ስለየትኛው ሴል እንደሚናገርም በሰዓቱ ይታወቃል። እስከ አንድ ሰዓት ተኩል ያለው እብጠት በዋናነት የሂስታሚንና የሴሮቶኒን ነው፤ ከዚያ እስከ 6ኛው ሰዓት ያለው የፕሮስታግላንዲንና የኒውትሮፊል ነው። ጭማቂው የቀነሰው የመጀመሪያውን ብቻ ከሆነ ቀጣዩ ሙከራ ማስት ሴል ላይ ቢሆን ይሻላል፤ ከሦስተኛው ሰዓት በኋላ ከሆነ ግን ከመዳፉ ናሙና ወስዶ ማይሎፔሮክሲዴዝ መለካት ይቀድማል።